አሥራ አንድ ምኞት፣ አንድ ዕቁብ

መስከረም 26፣ 2018

ከወርክሾፑ በር ጀርባ የተቸነከረ የቺፑድ ቁራጭ አለ። አናቱ ላይ በአናጺ እርሳስ "ዕቁብ ሲወጣልኝ የምገዛው" ይላል። መጻፍ የጀመርኩት ከአራት ዓመት በፊት ነው። በዚህ መሀል ዕቁብ ሁለት ጊዜ ወጥቶልኛል። አንዱ ለኪራይ ሄደ፣ አንዱ ለልጅ ሕክምና። ዝርዝሩ ግን ይረዝማል እንጂ አያጥርም።

ዛሬ ቆጠርኩት። አሥራ አንድ ደርሷል። ሲኤንሲ አለበት፣ በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቆርጠው ማሽን። ጣት ሲነካው ቀጥ ብሎ የሚቆመው የአሜሪካኖቹ የጠረጴዛ መጋዝ አለበት። የውፍረት ፒያላ (ጣውላ በእኩል ውፍረት የሚልግ)፣ ራውተር (ጠርዝ ማሳመሪያ)፣ ባትሪ ትራፓኖ፣ ክብ ሳንደር (ማለስለሻ)፣ አቧራ መሳቢያ፣ የእርጥበት መለኪያ፣ ዶሚኖ የሚባለው የፌስቱል ኩባንያ የመጋጠሚያ ጉድጓድ ማውጫ ማሽን፣ የሌዘር ሜትር፣ ባለ 60 ጥርስ ዲስክ። ግማሹን የጨመርኩት ማታ ማታ ዩቲዩብ እያየሁ ነው። ሰውዬው አንዲት የሻይ ሳጥን ለመሥራት የሚያስነሳቸው ማሽኖች የእኔን ወርክሾፕ ከነቆርቆሮው ይገዛሉ።

ዋጋ በብር መቁጠር ትቻለሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት መቶን አለፈ። ከዚያ ወዲህ ዛሬ የጠየቅኩት ዋጋ የሚቀጥለው ሳምንት የለም። ስለዚህ የምቆጥረው በኮሞዲኖ ነው። ሳንደር ሦስት ኮሞዲኖ ነው። ፒያላው ሃያ ምናምን። ሲኤንሲውን ለመቁጠር የሆቴል ኮንትራት ያስፈልጋል።

ሕግ አወጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ዕቁቡ እስኪወጣ፣ አንድ መሣሪያ ባለመኖሩ ሥራ በቆመ ቁጥር ከስሙ ጎን አንድ ጭረት ይሰመራል። ስላማረኝ ብቻ አይሰመርም። ወይ ሥራው ይቆማል፣ ወይ ይበላሻል፣ ወይ ሌላ ቦታ ሄደን እንሰለፋለን። ያልደረሰን አሥራ አራት ሰዎች ስለሆንን ቢዘገይ ጥር መጀመሪያ ላይ ይወጣልኛል። እርሳሱን ለረዳቴ፣ ለልጁ ሰጠሁት። አብሮኝ ሲሠራ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዩቲዩብ የሚያየው ለኳስ ብቻ ስለሆነ ከእኔ የተሻለ ዳኛ ነው።

መስከረም 30

ሥራ ተገኘ። የዋንዛ ምግብ ጠረጴዛ፣ 180 በ90፣ ከሁለት አግዳሚ ወንበር ጋር። "ለገና ልጆቼ ይሰበሰባሉ። ለገና ካልደረሰ ግን ለሰይጣን ይሁን" አሉኝ እትዬ። ቀብድ ከፍለዋል።

ዋንዛ መሆኑ ደስ ብሎኛል። ለመላጊያ አያስቸግርም፣ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ከበሮም ቀፎም የሚሠራው ከእሱ ነው። ልጅ ሆነን ፍሬውን እንበላና የተረፈውን ዝልግልግ ደብተር ማጣበቂያ እናደርገው ነበር። ከነኮላው የሚበቅል ዛፍ ነው።

ጥቅምት 6

ጣውላው መጣ። ሦስት ሳንቲ ውፍረት አለው። "ዓመት ከመንፈቅ የተቀመጠ ነው" አለኝ ሻጩ። እስካሁን ከዓመት ከመንፈቅ በታች የተቀመጠ ጣውላ የሸጠልኝ ሰው የለም።

ልጁ እርሳሱን ይዞ ወደ "እርጥበት መለኪያ" ተንቀሳቀሰ። "ቆይ" አልኩት። ጫፉ ቶሎ ስለሚደርቅ ያታልላል። ስለዚህ ሁለት ስንዝር ገባ ብዬ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩ። ባለሱቁ ዲጂታል ሚዛኑን ለማታ አዋሰኝ። 412 ግራም። ቤት ኦቭን ውስጥ፣ ከመቶ ዲግሪ ትንሽ ከፍ አድርጌ ከተትኩት። በየሁለት ሰዓቱ እያወጣሁ መዘንኩ። 388፣ 371፣ 363፣ 360። ደግሞ 360። መቀነስ ሲያቆም ውሃው አልቋል ማለት ነው። የወጣው 52 ግራም ነው። ለ360 ሲካፈል ከመቶ 14 ከምናምን ይመጣል። ለቤት ዕቃ ቢበዛ 12 ነው የምፈልገው።

እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ ያጥራል ለማለት አያስደፍርም። የሚሰበሰበው በወርዱ ነው። 90 ሳንቲ ወርድ ያለው ጠረጴዛ እርጥብ እንዳለ ቢጣበቅ በየካቲት ፀሐይ መሀሉን ይከፍታል፣ እትዬም ይደውላሉ። ስለዚህ ጣውላውን በየመሀሉ ቀጭን እንጨት እያስገባሁ ደረደርኩት። በጋው ይጨርሰው።

ቤታችን ማታውን በሙሉ ዋንዛ ዋንዛ ሸተተ። ባለቤቴ "ነገ ድፎ ልጋግርበት ነው ወይስ ጣውላ ይቀጥላል?" አለችኝ። እርጥበት መለኪያ፦ ጭረት የለም።

ጥቅምት 15

መብራት ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠፋ። ትራፓኖው ሽቦውን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ባትሪ ትራፓኖ፦ አንድ። ሊመሽ ሲል ደግሞ ጠፋ፦ ሁለት። በመሀሉ የእግሮቹን ጉድጓድ በመሮ ፈለፈልን። ልጁ ከእኔ የጠራ ጉድጓድ አወጣ። አልነገርኩትም።

ጥቅምት 22

እህቴ ከቨርጂኒያ ደወለች። ለገና ትመጣለች። "ሆም ዲፖ ልገባ ነው፣ ምን ላምጣልህ?" አለችኝ። ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ ኖሬ አሁን ፈራሁ።

ባለፈው አንድ ጓደኛዬ ከሜሪላንድ የጠርዝ ማሳመሪያ ትንሽ ራውተር አምጥቶልኝ ነበር። ካርቶኑን በጥርሴ ነው የከፈትኩት ማለት ይቻላል። በአዳፕተር ሰክቼ ማብሪያውን ጫንኩ። እንደ ሞተር ሳይክል ጮኸ። አምስት ሰከንድ አልሞላውም። ጭስ፣ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ፣ ከዚያ ጸጥታ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልቴጁን አይነካም። ጥፋቱ የጓደኛዬም የማሽኑም አይደለም። ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር።

ከውጭ ዕቃ የሚመጣላችሁ ካላችሁ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ትራፓኖ፣ ራውተር፣ ግራይንደር የመሳሰሉት ካርቦን ያላቸው ሞተሮች ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ካገኙ እዚህ ይሠራሉ። ትራንስፎርመሩ ግን ከማሽኑ ዋት ከፍ ያለ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ጠረጴዛ መጋዝና አቧራ መሳቢያ ያሉት ትልልቆቹ ኢንዳክሽን ሞተሮች ሌላ ጣጣ አላቸው። እዚያ 60 ሄርዝ ነው፣ እዚህ 50። ቮልቱን ብታስተካክሉለትም ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። እነሱን እርሷቸው።

ባትሪ የሚሠራው ግን ድንበር አያውቅም። ባትሪው የትም ያው ባትሪ ነው፣ ችግሩ ቻርጀሩ ነው። የአሜሪካው ቻርጀር 120 ብቻ ከሆነ እዚህ ባለ 220ውን መግዛት ነው። አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። አሜሪካ "20 ቮልት ማክስ" ተብሎ የሚሸጠው የዲዎልት ባትሪ አውሮፓ ላይ 18 ቮልት ይባላል። ውስጡ ያው አምስት ሴል ተደርድሮ ነው። ሙሉ ቻርጅ ሲሆን እያንዳንዱ 4 ቮልት ይሰጣል፣ ሃያ። ሥራ ላይ በአማካይ 3.6፣ አሥራ ስምንት። አንዱ አናቱን፣ ሌላው ወገቡን ለክቶ ነው የሚሸጠው።

ለእህቴ ሦስት ነገር አልኳት። ትራፓኖ ከሁለት ባትሪ ጋር። ትርፍ ባትሪው የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ፈቃድ ያልፋል። ባለ 5 አምፔር ሰዓቱ በ18 ሲባዛ 90 ስለሆነ ሰላም ነው። ሦስተኛው ዲስክ ነው፣ ባለ 60 ጥርስ፣ 10 ኢንች። "የመሀሉ ቀዳዳ 30 ሚሊሜትር መሆን አለበት። የአሜሪካው አምስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ 16 እንኳ አይሞላም። ቀዳዳውን እዪ" አልኳት።

"ቀዳዳውን አያለሁ" አለች። ድምፅዋ አላማረኝም።

ጥቅምት 27

ሌላ ቁራጭ መዘንኩ። 385 ገብቶ 344 ወጣ። 12 ላይ ደርሰናል። ይበቃል።

ኅዳር 1

ማሽን ቤት ስንሰለፍ ዋልን። ሦስት ሰዓት ሄደን ዘጠኝ ሰዓት ተመለስን። ከፊታችን የበር ፍሬም የጫነ አይሱዙ ነበር። ጣውላውን በፒያላ ያሳለፈልን ልጅ ስልክ እያወራ ነው። ውፍረቱ አንዱ ጋ 25፣ ሌላው ጋ 26 ሆነ። የውፍረት ፒያላ፦ አንድ ለሰልፉ፣ አንድ ለሚሊሜትሯ። ረዳቴ ሁለተኛውን መጀመሪያ አልተቀበለም። "እሱን በእጅ መላጊያ እናስተካክለዋለን" አለ። በእጅ ስናስተካክል ሁለት ሰዓት ስለፈጀ ራሱ ሄዶ ሰመረው።

ኅዳር 5

የዛሬውን ረጋ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ተናድጃለሁ።

የጠረጴዛው ፊት አምስት ጣውላ ጎን ለጎን ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ጎኖቻቸውን በእጅ መላጊያ አስተካክዬ፣ ሁለት ሁለቱን አቁሜ በመሀላቸው ብርሃን እስኪጠፋ አየሁ። ጥሩ ነበሩ። እንዲህ ላለ ወርድ ሞርሴት፣ ኮላው እስኪደርቅ ጣውላውን ጨምድዶ የሚይዘው ብረት፣ በየሃያ፣ በየሃያ አምስት ሳንቲው፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች እየተፈራረቀ መታሰር አለበት። ለ180 ሳንቲ ስምንት ማለት ነው። እኔ ያለኝ አራት ነው። አንዱ ደግሞ ወገቡ ጎብጧል።

"ገመድና ሽብልቅ እንጨምራለን" አልኩ። አባቶቻችንም በገመድና በሽብልቅ ነው የሠሩት። አባቶቻችን ግን ነጩን ኮላ አያውቁትም። እሱ ከተቀባ በኋላ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው የሚታገሠው። ቀባን። ደረደርን። መሀሉን አሰርን። ጫፉን በገመድ ጠመዘዝን። ሽብልቁን በመዶሻ ስመታ መሀሉ እንደ ኮርቻ ተነሳ። ልጁ ላዩ ላይ ተቀመጠበት። በግራ ሲወርድ በቀኝ ይነሳል። ሦስተኛው መጋጠሚያ ላይ ኮላው መድረቅ ሲጀምር በዐይናችን አየነው። ነጭ የነበረው ጠርዙ ላይ ቆዳ አበጀ።

ሲነጋ የሎተሪ ቲኬት ሦስተኛው መጋጠሚያ ውስጥ አስገባሁ። ጫፉ ላይ አራት ጣት ያህል ገባ። በመጋዝ መስመሩን ተከትዬ ሰነጠቅኩት፣ ጎኑን እንደገና ላግኩት። አራት ሚሊሜትር ወርድና አንድ ሙሉ ቀን ሄደ።

ልጁ እርሳሱን ይዞ ቺፑዱ ፊት ቆመ። ከላይ እስከ ታች አነበበ። ደግሞ አነበበ።

"ሞርሴት የለበትም እኮ" አለኝ።

እውነት ነው። አራት ዓመት ስመኝ ሞርሴት አልተመኘሁም። ሞተር የለውም፣ አይጮህም፣ ማንም ስለሞርሴት ቪዲዮ ሠርቶ አላጓጓኝም። ልጁ ከሁሉም በታች በከሰል "ሞርሴት" ብሎ ጻፈ። እርሳሱ አልበቃውም መሰለኝ። በአንድ ጊዜ አራት ጭረት ሰመረ። አልተከራከርኩም።

ኅዳር 8

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ለዚህ ዕቁብ አይጠበቅም። ቱቦላሬ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ጫፉ ላይ በሽቦ የተበየደ የብረት ጥርስ፣ በሌላው ጫፍ የሚንሸራተት መንጋጋና ጥርሱ ወፍራም የሆነ ረጅም ቪቴ። ስድስት አዘዝኩ፣ ግማሹን በዱቤ። የመጀመሪያው ሲጠብቅ መንጋጋው ተንጋደደ፤ ክፍተቱ ሰፍቶ ነው። ብየዳው ሰውዬ አንድ ቁራጭ ላሜራ ጣል አድርጎ አስተካከለው። የፋብሪካውን ያህል አያምርም፣ ግን ሲጠብቅ አይለማመጥም።

ማታውን እንደገና አጣበቅን። አሥር ሞርሴት። ኮላው በመጋጠሚያው ላይ እንደ ዕንቁላል ፍሬ፣ እኩል እኩል ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። ያንን ሳይ ምን እንዳስደሰተኝ ለአናጺ ካልሆነ አይነገርም።

ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ያጥናል። ይህ ልማድ በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ የመጣ ነው ይላሉ ትልልቆች። እኛም ወርክሾፑን ጠረግን። አሥራ ሁለት ማዳበሪያ ሰጋቱራ ወጣ። ከሥሩ አንድ ስኳድራ፣ ሦስት የትራፓኖ ጥርስ፣ አምና ጠፋ ብዬ ልጁን የተቆጣሁበት ሜትርና ሁለት ትናንሽ ሞርሴት ተገኙ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሁለት የሞርሴት ጭረት እንዲሰርዝ ስጠይቀው ግን እምቢ አለ። "ሥራው ቆሟል፣ ቆሟል" ነው መልሱ።

ስንጠርግ ቀኑን ሙሉ ሳልን። የእንጨት አቧራ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛ ምድብ ላይ አስፍሮታል። የሚጎዳው ወለል ላይ የምናየው ሰጋቱራ አይደለም፣ በመስኮት ፀሐይ ሲገባ የሚንሳፈፈው ነው። አቧራ መሳቢያ ጎን ጭረት ተሰመረ። ሕጉን ትንሽ ጠምዝዘነዋል፤ ሥራ ያቆመው ሳሉ ነው።

ኅዳር 19

ዛሬ ጋሼ መጡ። ሠፈራችን ያሉ የድሮ አናጺ ናቸው። ቺፑዱን ሲያነቡ የጠረጴዛ መጋዙ ላይ ቆሙ። "ጣት ሲነካው የሚቆም? ምን ብሎ ያውቃል?"

አስረዳኋቸው። ዲስኩ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ይላካል። እንጨት ያን ያህል አይስበውም፣ ሰው ግን ይስበዋል። ምልክቱ በተለወጠ ቅጽበት አንድ የአሉሚኒየም ቁራጭ በስፕሪንግ ተወርውሮ ጥርሱ ውስጥ ይሰካል። አምስት ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ዲስኩም ቁራጩም ይጣላሉ፣ ጣት ግን ይተርፋል። የፈጠረው ስቲቭ ጋስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ፊዚክስ ተምሮ የፓተንት ጠበቃ የሆነ፣ አናጺነት ትርፍ ጊዜው የነበረ። ድርጅቱን ሶስቶፕ አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. የፌስቱል እናት ኩባንያ ገዛው።

ጋሼ ግራ እጃቸውን አዩ። አመልካች ጣታቸውና የመሀሉ ከላይ አጭር ናቸው። "ስንት ጭረት አለው?" አሉ።

"ዜሮ።"

"እኔም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዜሮ ነበረኝ" አሉና ወጡ።

እዚህ ላይ ሕጌ ቀዳዳ እንዳለው ገባኝ። ጭረት ደጋግሞ የሚመጣን ችግር ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣውን አይቆጥርም። ሶስቶፑን ልገዛው አልችልም፣ በኮሞዲኖም አይቆጠርም። የእኔ መጋዝ ግን በብረት ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ሞተር ነው። ከዲስኩ ጀርባ ምንም የለውም። ጣውላ ሲሰነጠቅ ተጠጋግቶ የኋላውን ጥርስ ከጨበጠ፣ ዲስኩ አንስቶ ወደ ሰው ይወረውረዋል። አንድ ቀን ሞራሌ ወርውሮ ቆርቆሮውን በስቷል። ስለዚህ ዕቁብ ሳልጠብቅ ከወፍራም ላሜራ ከዲስኩ ኋላ የሚቆም ምላስ አስቆረጥኩ። ከዲስኩ አካል ትንሽ ወፍሮ፣ ከጥርሱ ስፋት ትንሽ ቀጠን ይላል። ከወይራም ሁለት መግፊያ ሠራን። አንዱን ልጁ ቀይ ቀባው፣ እንዳይጠፋ።

ኅዳር 26

ራውተር ፍለጋ መርካቶ። "ራውተር አለህ?" ስለው ባለሱቁ ባለአራት አንቴና ዋይፋይ አወጣልኝ። "የእንጨት" ስለው ሳቀ። "የእንጨት ዋይፋይ የለም።" ሁለት ሱቅ ላይ እንዲህ ሆነ። አልገዛሁም፣ ዋጋ ብቻ ነው የጠየቅኩት። ጠርዙን በእጅ መላጊያና በብርጭቆ ወረቀት አክብቤ ጨረስኩት።

ለሚገዛ አንድ ማስጠንቀቂያ። የተቃጠለው ራውተሬ ጥርሶች ግንዳቸው ሩብ ኢንች፣ 6.35 ሚሊሜትር ነው። እዚህ ከሚገኙት ማሽኖች የአንዳንዶቹ መያዣ 6 ነው። አይገባም። ወደ 8 ገብቶ በወረቀት ተጠቅልሎ የጠበቀ ጥርስ አይቻለሁ። በደቂቃ ሃያ ሺህ ጊዜ የሚዞር ስለታም ብረት በወረቀት አይታሰርም።

ማለስለሱ ግን ጨረሰን። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 80፣ 120፣ 180፣ 220፣ በእጅ። አራት ቀን። ልጁ ምሳውን በግራ እጁ በላ። የሳንደር ጭረት በየቀኑ ሁለት ነው።

ታኅሣሥ 5

እሑድ። ዕቁቡ ወጣልኝ። ዳኛው ስሜን ሲጠራ ከሲኤንሲው ፊት ምራቄን ዋጥኩ። ልማድ ነው።

ማታ ቆጠርን። ሞርሴት አሥራ ሦስት። ሳንደር ዘጠኝ። ባትሪ ትራፓኖ ሰባት። አቧራ መሳቢያ ስድስት። ፒያላ አምስት። ራውተር አራት። ዲስክ ሦስት። ዶሚኖ አንድ፣ እሱንም ልጁ አዝኖልኝ ነው። እርጥበት መለኪያ፣ ሌዘር ሜትር፣ ሲኤንሲ፣ ሶስቶፕ፦ ምንም።

ፒያላው ላይ ረጅም ክርክር ነበር። አምስት ብቻ ቢሆንም እያንዳንዱ ግማሽ ቀን በልቷል። ግን አራቱ በእኔ ስንፍና ነው፤ ሁሉንም ጣውላ በአንድ ጊዜ መውሰድ ስችል በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ይዤ ሄድኩ። በዚያ ላይ ማሽኑ ሲነሳ የሚስበው መብራት የእኛን ቆጣሪ ያስለቅሳል። ለሚቀጥለው።

ታኅሣሥ 8

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዋልኩ። ስድስት የፋብሪካ ሞርሴት። ክብ ሳንደር፣ 125 ሚሊሜትር። ሳንደር ስገዛ የጠየቅኩት ዋቱን አይደለም፣ "ካርቦኑና ኩሽኔታው ለብቻው ይገኛል?" ነው። አንድ ሱቅ "ሲበላሽ አዲስ ትገዛለህ" አለኝ። ከሚቀጥለው ገዛሁ። ውሃም አቧራም የሚስብ ቫክዩም፣ ያገለገለ፣ ከምናለሽ ተራ። ሳላስነሳው አልከፈልኩም።

ቫክዩሙ ብቻውን ቶሎ ይደፈናል። ስለዚህ በመሀል የ20 ሊትር የቀለም ባልዲ አስገባን። አየሩ በጎን ገብቶ ባልዲው ውስጥ ይሽከረከራል፣ ከባዱ ሰጋቱራ ይወድቃል፣ ቀላሉ ብቻ ወደ ቫክዩሙ ያልፋል። መጀመሪያ ስናስነሳው ባልዲው ወደ ውስጥ ተጨማደደ። ውስጡን በክብ ኮምፔንሳቶ ደግፈን፣ ክዳኑን ከጠንካራ ነገር እንዲሠራ ለልጁ ነግሬው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ክዳኑ ተሠርቷል። ያምራል። ለቱቦው የተቆረጠው ቀዳዳ ዙሪያ ላይ "ሲኤን" የሚል ጽሑፍ አየሁ። ወደ በሩ ጀርባ ዞርኩ። ከቺፑዱ ግማሹ የለም።

"ጭረት የሌለበትን በኩል ነው የቆረጥኩት" አለኝ።

ታኅሣሥ 20

እህቴ ገባች። ትራፓኖው ቆንጆ ነው። ባትሪዎቹ በእጅ ቦርሳዋ፣ ከልጆቿ ብስኩት ጋር መጡ። ቻርጀሩ እንደጠበቅነው 120 ነው፤ ባለ 220ውን ቀድሜ እዚህ ገዝቼዋለሁ።

ዲስኩ የተጠቀለለው በሹራብ ነው። ፈታሁት። ስልሳ ጥርስ፣ አንጸባራቂ። የመሀሉን ቀዳዳ በሜትር ለካሁ።

"ቀዳዳውን አይቼዋለሁ እኮ" አለች እህቴ። "አለው።"

ቀዳዳው በደንብ ካልተማከለ ዲስኩ ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ ማስፋት አልፈልግም። የሞተሩን ዘንግ በቶርኖ ማስቀጠን ይቻላል፣ ግን ያኔ ሌሎቹ ዲስኮች በሙሉ ቀለበት ይፈልጋሉ። ለጊዜው ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ፣ ከተረፈው ቺፑድ ጎን ተሰቅሏል። ስትሄድ በርበሬና ሽሮ እንጂ ዲስክ አላስይዛትም።

ታኅሣሥ 27

ጠረጴዛው ዛሬ ሄደ። ሦስት እጅ ቫርኒሽ ጠጥቷል። ፊቱን ከፍሬሙ ጋር ያሰርኩበት ቀዳዳ በወርዱ በኩል ረዘም ያለ ነው፣ እንጨቱ ሲተነፍስ ቪቴው እንዲንሸራተት።

እትዬ ቤት ስንደርስ በሩ ጠበበ። እግሮቹን በብሎን ያሰርኩት ለዚህ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ፈትተን እናስገባለን። ቦርሳዬን ከፈትኩ። አዲሱ ትራፓኖ አለ። ሁለት ባትሪ አለ። ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ፒንሳ። 13 ቁልፍ የለም።

የፒካፑ ሹፌር ከወንበሩ ሥር አንድ የዛገ አውጥቶ ሰጠን። ቀና ስል ልጁ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ መዳፉ ላይ አንድ ነገር እየጻፈ ነው።